የካንሰር መድኃኒት «ፌዝ 1» ሙከራ፦ ታማሚዎችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

«ሙከራ ላይ ያለ አዲስ መድኃኒት አለ» ለተባሉ፣ ካንሰራቸው ለገፋ ሰዎችና አብረዋቸው ለሚሮጡ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው፤ ከቀላሉ ተነሥተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ፌዝ 1 የሚባለው ሙከራ ምንድን ነው?

አንድ መድኃኒት በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ ከተጠና በኋላ መጀመሪያ ወደ ሰው የሚገባበት ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፌዝ 1 ዋና ጥያቄ «ካንሰሩን ያጠፋል ወይ?» አይደለም። «ሰው ምን ያህሉን ይችላል? ምን ዓይነት ጉዳት ያስከትላል? ሰውነት ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ነው። ዕጢው ቀነሰ አልቀነሰ ይለካል፣ ይመዘገባልም። ግን ጥናቱ በዋናነት የተነደፈው ለዚያ አይደለም።

የሚገቡት ሰዎች ብዙ አይደሉም፤ በአብዛኛው ከ20 እስከ 80 ቢሆኑ ነው። ቀጥሎ ፌዝ 2 ይመጣል፤ እዚያ መድኃኒቱ በአንድ የካንሰር ዓይነት ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ይታያል። ፌዝ 3 ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዞ ከነባሩ ሕክምና ጋር ያወዳድራል። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባር ድንበሩ ከደበዘዘ ቆይቷል። ለሙከራው በሚፈርሙበት ቅጽ ላይ «ፌዝ 1/2» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ ግራ አይጋቡ፤ ሁለቱን ደረጃዎች አንድ ላይ የሚያስኬድ ሙከራ ነው።

«ታርጌትድ» የሚባለው መድኃኒት ከኬሞ በምን ይለያል?

ኬሞ በፍጥነት የሚባዛን ሕዋስ ሁሉ ይመታል። ስለዚህ ከካንሰሩ ጋር የፀጉር ሥሩ፣ የአፍና የአንጀት ሽፋኑ፣ ደም የሚሠራው መቅኔም ይጎዳል። ታርጌትድ የሚባለው ግን ካንሰሩን የሚገፋውን አንድ የተለየ ፕሮቲን ይፈልጋል። ያ ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ጂኑ ስለተበላሸ «ተባዛ፣ ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ያለማቋረጥ ይለቃል፤ መዝጊያው እንደተበላሸ ቧንቧ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሄዶ እሱን ይዘጋዋል።

በዚህ ዘርፍ ሁሉም የሚያነሣው ታሪክ የኢማቲኒብ ነው። ሐኪሙ ብራያን ድሩከር በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ፌዝ 1 ሙከራውን ሲጀምሩ መድኃኒቱ የተሠራው «ቢሲአር-ኤቢኤል» የተባለ የተዛባ ፕሮቲን ለሚነዳው የደም ካንሰር ነበር። በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማው ተመለሰ። በ2001 ፈቃድ አገኘ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም መለኪያ ሊሆን አይችልም። እነዚያ ሰዎች ገና በመጀመሪያው፣ በዝግታ በሚሄደው የሕመሙ ደረጃ ላይ ነበሩ። ካንሰራቸውም በዋናነት በአንድ ስህተት ላይ የቆመ ነበር። ብዙ ቦታ የተሰራጨ የሳንባ ወይም የአንጀት ካንሰር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ስህተት ይሸከማል።

ለምን እኛ ላይ? ጤነኛ ሰው ላይ ለምን አይሞከርም?

የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት መጀመሪያ የሚሞከረው በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ነው። የካንሰር መድኃኒት ላይ ግን ይህ አካሄድ ብዙ ጊዜ አያስኬድም። መድኃኒቱ ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ጤነኛው ሰው ደግሞ ከሱ የሚያገኘው ምንም የለም። የሚፈለገው ዒላማም ያለው ካንሰሩ ውስጥ ነው።

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ «እንደ አይጥ ሊሞክሩብኝ ነው» የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ በሕክምና ምርምር ታሪክ ውስጥ አሳፋሪ ነገሮች ተፈጽመዋል። በ1964 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው፣ የሄልሲንኪ መግለጫ የተባለው የሐኪሞች ሰነድ የተጠኚው ደህንነት ከሳይንሱ ጥቅም እንዲቀድም ያዛል። የትኛውም ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ከተመራማሪዎቹ ነጻ የሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊያጸድቀው ይገባል። ቅጹ ላይ የኮሚቴው ስልክ መኖር አለበት። ከሌለ ይጠይቁ።

የመጀመሪያው መጠን ከየት ይመጣል? ዝም ብለው ገምተው ነው?

አይደለም። የተለመደው ስሌት ከአይጥ ይነሣል። ከአሥር አይጥ አንዱን ክፉኛ የጎዳው መጠን ተወስዶ፣ በሰውነት ቆዳ ስፋት ወደ ሰው ይሰላል፤ ከዚያ አንድ አሥረኛው ብቻ መነሻ ይሆናል። ሌላ ትልቅ እንስሳ ላይ ከባድ ጉዳት ያልታየበት መጠንም ጎን ለጎን ይታያል። የበለጠ የሚያስጠነቅቀው ይወሰዳል።

እንስሳ ግን ሰው አይደለም። በ2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን1412 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ለስድስት ጤነኛ ወንዶች በደቂቃዎች ልዩነት ተሰጠ። በእንስሳት ላይ ችግር ያላሳየው መድኃኒት የስድስቱንም የሰውነት መከላከያ በአንድ ጊዜ አስነሣ። ሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ ሁሉም በሕይወት ወጡ። ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት በአንድ ቀን ለብዙ ሰው አይሰጥም። አንዱ ይወስዳል፣ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል።

መጠኑ የሚጨመረው እንዴት ነው? «ቦታ የለም፣ ጠብቁ» የሚሉንስ ለምንድን ነው?

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው። በጣም የታወቀው አካሄድ «3+3» ይባላል። ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት መጠን ይወስዳሉ። የመጀመሪያው ዙር፣ ብዙ ጊዜ 21 ወይም 28 ቀን፣ እስኪያልቅ ይጠበቃል። አንዳቸውም ከባድ ጉዳት ካልደረሰባቸው ቀጣዮቹ ሦስት ሰዎች ከፍ ያለውን መጠን ይጀምራሉ። አንድ ሰው ከተጎዳ በዚያው መጠን ሌላ ሦስት ሰው ይጨመራል። ከስድስቱ የተጎዳው ያ አንዱ ብቻ ከሆነ ወደ ላይ ይቀጥላል። የተጎዱት ሁለት ከደረሱ ግን መጠኑ አልፏል፤ ወደ ታች ይመለሳሉ።

ስለዚህ «ቦታ የለም» ሲባሉ አልጋ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል። ሦስቱ ሰዎች ዙራቸውን እስኪጨርሱ እየተጠበቀ ነው። ዛሬ ብዙ ሙከራዎች ቀጣዩን መጠን በኮምፒውተር ስሌት ይወስናሉ፤ መጠበቁ ግን እነሱም ጋ አለ። ታምሞ ወር መጠበቅ ከባድ ነው። «እስከዚያ ሌላ ሕክምና ልውሰድ ወይስ ከሙከራው ያስወጣኛል?» ብለው ቀድመው ይጠይቁ።

ያድነኛል ወይ?

ቀጥተኛ መልስ ይገባዎታል። የገፋ ካንሰርን ፌዝ 1 ላይ ማዳን፣ ማለትም ጨርሶ ማጥፋት፣ በጣም ብርቅ ነው። የሚጠበቀው ዕጢው ለተወሰነ ጊዜ እንዲቀንስ ወይም ባለበት እንዲቆም ነው። ይህም ለሁሉም አይደርስም።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ከ1991 እስከ 2002 የተካሄዱ 460 የፌዝ 1 ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ ዕጢያቸው በሚለካ ደረጃ የቀነሰላቸው 10.6 በመቶ ነበሩ። በመድኃኒቱ ጉዳት የሞቱት 0.49 በመቶ ናቸው፤ ከ200 ሰው አንድ ገደማ። በአሜሪካ የካንሰር ኢንስቲትዩት ሥር የተደረጉ የኋላ ሙከራዎችን ያየ ሌላ ጥናት ደግሞ ምላሽ ያገኙት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው 9.6 በመቶ ከ2013 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ወደ 18 በመቶ መድረሳቸውን አሳይቷል። ለውጥ አለ። ያም ሆኖ ከአምስት ሰው አራቱ ያንን አላገኙም።

ዒላማው በትክክል ሲገጥም ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ቬሙራፌኒብ የተባለው የሜላኖማ (አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር) መድኃኒት በመጀመሪያው ሙከራ፣ «ቢራፍ» የተባለው ጂን ላይ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ላላቸው 32 ሰዎች በተመረጠው መጠን ሲሰጥ 26ቱ ላይ ዕጢው በግልጽ ቀንሷል። እንዲህ ያለ ዜና ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ እነዚህ ሰዎች ሚውቴሽናቸው የታወቀ፣ መጠኑም ተጠንቶ ካለቀ በኋላ የገቡ ናቸው። እኔ ብሆን «ስንት በመቶ ይሠራል?» ብዬ አልጠይቅም። «የኔ ዓይነት ሚውቴሽን ያላቸው ስንት ሰዎች ይህን መጠን ወሰዱ? ስንቱ ቀነሰላቸው? ለስንት ወር?» እላለሁ። «እርስዎ ሁለተኛው ሰው ነዎት» ቢሉኝ እሱም መልስ ነው።

ባዶ ኪኒን ሊሰጡኝ ይችላሉ?

በፌዝ 1 የካንሰር ሙከራ ይህ የለም ማለት ይቻላል። የሚገቡት ሁሉ መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ የሚለያየው መጠኑ ነው። ፕላሴቦ፣ ማለትም ባዶው ኪኒን፣ የሚያጋጥመው በኋለኞቹ ደረጃዎች ነው፤ ያኔም ካለ ቅጹ ላይ ተጽፎ ይነገርዎታል።

መግባት ፈልጌ ነበር፤ «አያሟሉም» አሉኝ። ለምን?

መስፈርቱ ጥብቅ ነው። አንደኛው አቅም ነው። «ኢኮግ» በሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። 0 እንደ ድሮው ሁሉን የሚሠራ፣ 1 ከባድ ሥራ ባይችልም እየተንቀሳቀሰ ቀላል ሥራ የሚሠራ ነው። አብዛኞቹ ሙከራዎች 0 ወይም 1 ብቻ ይቀበላሉ። ቀኑን ከግማሽ በላይ አልጋ ላይ የሚያሳልፍ ሰው 3 ነው፤ እሱ አይገባም።

ሌላው ጉበትና ኩላሊት ነው። መድኃኒቱን የሚያስወግዱት እነሱ ናቸው፤ ደክመው ከሆነ ለሌላው የሚስማማው መጠን ለእርስዎ መርዝ ሊሆን ይችላል። ወደ አንጎል የተሰራጨና ያልታከመ ካንሰርም ብዙ ጊዜ ያስቀራል። የቀድሞው ሕክምና ከሰውነት እስኪወጣ ደግሞ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

«እየሞትኩ ነው፣ ምን ይጎዳኛል ብላችሁ ነው?» ብለው የሚቆጡ አሉ። ቁጣው ይገባኛል። ግን ደካማ ሰውነት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ መለየት አይቻልም፤ የቀሩትን ጥቂት ሳምንታትም ሊበላ ይችላል። አንዱ ሙከራ ቢመልስዎ ሌላው ይቀበልዎ ይሆናል፤ መስፈርቱ ከሙከራ ሙከራ ይለያያል።

ባዮፕሲ (የዕጢ ናሙና) ተነሥቼ ነበር። እንደገና ለምን ይወጉኛል?

ካንሰር ይለወጣል። ከሁለት ዓመት በፊት የተወሰደው ናሙና ያኔ የነበረውን ካንሰር ነው የሚያሳየው፤ ከዚያ ወዲህ ያለፉት ሕክምናዎች ቀይረውት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የሚፈልገው ዒላማ አሁን መኖሩ መታየት አለበት። አንዳንዴ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላም ሌላ ባዮፕሲ ይጠየቃል፤ ይህኛው ዒላማው በርግጥ መዘጋቱን ለማየት ነው። እዚህ ላይ ንቁ ይሁኑ። የመጀመሪያው ለእርስዎም ይጠቅማል። ሁለተኛው በአብዛኛው የሚጠቅመው ጥናቱን ነው። ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ? ቅጹ ላይ ይለያል፤ ፈልገው ያንብቡት።

ምርመራው ለምን እንዲህ እንደሚያስፈልግ ክሪዞቲኒብ የተባለው መድኃኒት ታሪክ ያሳያል። ሙከራው በ2006 ሲከፈት የታሰበው ለሌላ ዒላማ ነበር። በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች በአንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች ውስጥ «አልክ» የተባለው ጂን ከሌላ ጂን ጋር ተጣብቆ አገኙት። መድኃኒቱ ያንንም እንደሚዘጋ ይታወቅ ስለነበር ይህ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች እየተፈለጉ ገቡ። የሳንባ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ይህ ያለባቸው ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ቀድመው ከታዩት 82 ሰዎች ግን 57 በመቶው ላይ ዕጢው ቀነሰ፤ በ2011 ፈቃድ አገኘ። ሳይመረመር በጅምላ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ «አይሠራም» ተብሎ ይጣል ነበር።

አንድ ተግባራዊ ነገር፦ የድሮው ናሙና በሰም ተደርጎ የፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ «ብሎክ» ይሉታል። ሙከራው እሱን ከተቀበለ መወጋት ሊቀርልዎት ይችላል። ዕጢው የማይደረስበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ከደም የሚሠራው ምርመራ አንዳንዴ ይተካዋል።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል?

ረጅም ነው። ጠዋት ገብተው ማታ ይወጣሉ፤ አንዳንድ ቦታ ያሳድራሉ። ክንድዎ ላይ ደም የሚቀዳበት ቀጭን ፕላስቲክ ይተከላል፣ ደጋግመው እንዳይወጉዎት። ደም ይወሰዳል፣ የልብ ኢሲጂ ይነሣል። ከዚያ ነርሷ ኪኒኑን በትንሽ ብርጭቆ ታቀብልዎትና ሲውጡ ሰዓቷን አይታ ደቂቃዋን ትጽፋለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይቆጠራል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደም፣ ከሁለት፣ ከአራት፣ ከስምንት። በማግሥቱ 24 ሰዓት ሲሞላ እንደገና። መድኃኒቱ መቼ ደም ውስጥ እንደሚበዛና መቼ እንደሚያልቅ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ደም በሚቀዳባቸው ቀናት ጠዋት ኪኒኑን ቤት አይዋጡ። ብዙ ሰው እንደ ልማዱ ውጦ ይመጣና ቀኑ ይበላሻል። መጀመሪያ ደም ይወሰዳል፣ ከዚያ እዚያው ይዋጣሉ። የመድኃኒት ዕቃውን ደግሞ ባዶ ቢሆንም አይጣሉት፤ ይመልሱታል፣ የቀረው ኪኒን አንድ በአንድ ይቆጠራል። አላመኑዎትም ማለት አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው።

ከኬሞ ይቀላል ይባላል። እውነት ነው?

ይለያል ቢባል ይሻላል። ፀጉር ላይረግፍ፣ ማስታወኩም ሊቀንስ ይችላል። ግን ዒላማው ጤነኛ አካል ላይም ካለ እዚያም ይመታል። «ኢጂኤፍአር» የሚባለውን ፕሮቲን የሚዘጉት ቆዳ ላይ ብጉር የመሰለ ሽፍታና ተቅማጥ ያመጣሉ። «ሄር2» የሚባለው ፕሮቲን ላይ የሚሠሩት ልብን ሊያደክሙ ስለሚችሉ የልብ ምርመራ ይደጋገማል። ቬሙራፌኒብ የሚወስዱ ሰዎች ፀሐይ ክፉኛ ያቃጥላቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም ላይ ሌላ የቆዳ ካንሰር በቅሎ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ክሪዞቲኒብ የሚወስዱት ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጡ ዓይናቸው ላይ የብርሃን ጭረት ያዩ ነበር። ኪኒኑን ደግሞ በየቀኑ ስለሚውጡት ቀላል ተቅማጥ እንኳ ወር ሲቆይ ቀላል አይሆንም።

ጉዳቱ ከ1 እስከ 5 ይመደባል፤ 1 ቀላል፣ 3 ከባድ፣ 4 ለሕይወት የሚያሰጋ፣ 5 ሞት ነው። ብዙዎች «ያስወጡኛል» ብለው ሕመማቸውን ይደብቃሉ። እባክዎ እንዳያደርጉት። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ለጥቂት ቀን ማቆምና በዝቅተኛ መጠን መቀጠል ነው። የደበቁት ጉዳት ግን እርስዎንም፣ ከእርስዎ ቀጥሎ ከፍ ያለውን መጠን የሚወስደውንም ሰው ይጎዳል። ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የማያቆም ተቅማጥ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ።

ዕፀዋት፣ ቫይታሚን ወይም ሌላ መድኃኒት አብሬ መውሰድ እችላለሁ?

ሳይናገሩ አይውሰዱ። ብዙዎቹ ታርጌትድ ኪኒኖች የሚፈጩት ጉበትና አንጀት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም ነው። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ ኢንዛይሙን ስለሚያዳክመው መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ተክል ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መድኃኒቱን ቶሎ ያስወግደዋል። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል እንኳ አንዳንዱ ኪኒን እንዳይመጠጥ ያግዳል። ቤት ያለውን ሁሉ በከረጢት ሰብስበው ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ ስሙን ከማስታወስ ይቀላል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም አይልም» የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም።

ወጪውን ማን ይችላል?

የሚሞከረውን መድኃኒትና ለጥናቱ ተብለው የሚደረጉ ምርመራዎችን በአብዛኛው የሚሸፍነው የሙከራው ባለቤት ነው። ሙከራ ባይኖርም ይደረጉ የነበሩ ምርመራዎች፣ መጓጓዣና ማረፊያ ግን እንደየሙከራው ይለያያሉ። ጉዳት ቢደርስብዎ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚከፍልም ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን መጠየቅ አያሳፍርም።

ከገባሁ በኋላ ማቆም እችላለሁ?

በፈለጉ ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጡ። የተለመደው ሕክምናዎም በዚህ ምክንያት ሊነፈግዎ አይገባም። ለደህንነትዎ ሲባል ግን መጨረሻ ላይ አንድ ምርመራ እንዲያደርጉ ይጠይቁዎታል፤ እሱን ባይዘሉት ይመረጣል።

ስካኑ «ስቴብል» ይላል። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን?

መለኪያው እንዲህ ነው። ከስካኑ ላይ ቢበዛ አምስት ዕጢዎች ተመርጠው ርዝመታቸው ይደመራል። ድምሩ ከመነሻው በ30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ «ምላሽ» ይባላል። ከደረሰበት ትንሹ ልክ ተነሥቶ በ20 በመቶ ካደገ «ገፍቷል» ይባላል። በመካከል ያለው ሁሉ «ስቴብል»፣ ማለትም ባለበት የቆመ፣ ነው። መነሻው 100 ሚሊሜትር ቢሆን 75 የደረሰም፣ 110 የደረሰም ሰው ወረቀቱ ላይ እኩል «ስቴብል» ይባላሉ። ስለዚህ ቃሉን ትተው ቁጥሮቹን ይጠይቁ፤ አቅጣጫቸውን ያያሉ።

አዲስ ዕጢ ሌላ ቦታ ከበቀለ ግን የቀድሞዎቹ ቢቀንሱም «ገፍቷል» ነው የሚባለው። በየወሩ በፍጥነት ያድግ የነበረ ካንሰር ለስድስት ወር ባለበት ከቆመ፣ እኔ እንደ ጥሩ ዜና ነው የማየው።

ሠርቶልኝ ነበር። አሁን ለምን አቆመ?

የታርጌትድ መድኃኒት ትልቁ ድክመት ይህ ነው። ካንሰሩ መንገዱ ሲዘጋበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ ወይም መድኃኒቱ እንዳይጣበቅበት ዒላማውን ራሱን ይቀይረዋል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ኪኒን ስለዘለሉ ወይም የማይገባ ነገር ስለበሉ የመጣ አይደለም።

አንዳንዴ ይህ ራሱ ለሌላ መድኃኒት በር ይከፍታል። የመጀመሪያዎቹን የ«ኢጂኤፍአር» መድኃኒቶች ከወሰዱ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ላይ መድኃኒቱ ሥራ ሲያቆም አንድ ተመሳሳይ ሚውቴሽን ተገኘ። ኦሲመርቲኒብ የተባለው መድኃኒት የተሠራው ያንን ሊመታ ነው። የሰው ሙከራው በ2013 ተጀምሮ በ2015 መጨረሻ ላይ ፈቃድ አገኘ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲያቆም «እንደገና ናሙና ይታይልኝ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዝቅተኛው መጠን ላይ ደረሰኝ። ዕድሌን አጣሁ ማለት ነው?

ያሳስባል፣ አልዋሽዎትም። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች መጠን ምንም ላይሠራ የሚችል ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሙከራዎች ቀጣዩ መጠን ደህና መሆኑ ሲታወቅ ቀድመው የገቡትንም ከፍ ያደርጓቸዋል፤ ሌሎቹ አይፈቅዱም። ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።

ከፍተኛው ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውም ልክ አይደለም። ለኬሞ «ሰው የሚችለው ትልቁ መጠን» ጥሩ መመሪያ ነበር። ታርጌትድ መድኃኒት ግን ዒላማው አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በላይ የሚጨመረው ጉዳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ኢማቲኒብ እስከ 1000 ሚሊግራም ተሞክሮ ጣሪያው አልተገኘም፤ ለአብዛኛው ሰው የተመረጠው 400 ነው። ሶቶራሲብ የተባለው የሳንባ ካንሰር መድኃኒት በ2021 በ960 ሚሊግራም ሲፈቀድ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ240 ጋር እንዲወዳደር አዘዘ። በዚያው ዓመት ድርጅቶች ትልቁን ሳይሆን ተስማሚውን መጠን እንዲፈልጉ የሚገፋ «ፕሮጀክት ኦፕቲመስ» የተባለ ዕቅድ ጀመረ።

ሐኪሜ ራሱ ተመራማሪው ነው። እምቢ ማለት ከበደኝ።

ሐኪሙ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ሁለት ኮፍያ ግን አድርጓል። እንደ ሐኪም ለእርስዎ የሚበጀውን ይፈልጋል። እንደ ተመራማሪ ሙከራው ሰው እንዲያገኝ ይፈልጋል። ሙከራው ውስጥ ሥራ የሌለው ሌላ የካንሰር ሐኪም «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ይጠይቁ። ቅጹን ቤት ይውሰዱት፤ አንብቦ የሚያስረዳዎ ሰው ይፈልጉ። «ዛሬ ካልፈረሙ» የሚል ግፊት ካለ ያ ብቻውን ለማመንታት በቂ ምክንያት ነው።

አባታችን ሕመሙ ካንሰር መሆኑን አያውቅም። ሳንነግረው ሙከራ ማስገባት እንችላለን?

አትችሉም። ማንም ሰው ምን እንደታመመ፣ ምን እንደሚወስድና ምን ሊደርስበት እንደሚችል ሳያውቅ በሙከራ መግባት የለበትም። ራሱን ማወቅ የሚችል ሰው የሚፈርመው ራሱ ነው፤ ልጅ ለአባት አይፈርምም። ዝም ብሎ የሚቀበል ቡድን ካጋጠማችሁ ሙከራው ራሱ ያጠራጥራል።

የደበቃችሁት ለመጉዳት እንዳልሆነ ይታወቃል። ግን አባታችሁ ከምትገምቱት በላይ ሳይጠረጥር አይቀርም። አነጋገሩ ከከበዳችሁ በየተራ አትሞክሩት፤ ሐኪሙ ባለበት አንድ ቀን ተቀመጡ። መጀመሪያ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ተብሎ ይጠየቅ። ማወቅ አልፈልግም ካለ መብቱ ነው። ያኔ ሙከራው ይቀራል፤ ሕክምናው ግን ይቀጥላል።

ሙከራ ውስጥ ሆኜ የሕመም ማስታገሻ ሕክምና ይከለከላል?

አይከለከልም። የሕመም፣ የማቅለሽለሽና የጭንቀት ሕክምና ጎን ለጎን ይሄዳል። መድኃኒቶቹ ከሙከራው ጋር እንዳይጋጩ ብቻ ለቡድኑ ይነገር።

መድኃኒቱ እየሠራልኝ ሙከራው ቢዘጋስ?

ይደርሳል። ድርጅቱ ገንዘብ ይጨርሳል፣ ወይም መድኃኒቱ በአብዛኛው ሰው ላይ ስላልሠራ ይተወዋል። ፌዝ 1 ከሚገቡ የካንሰር መድኃኒቶች መጨረሻ ላይ ፈቃድ የሚያገኙት 5 በመቶ ገደማ ናቸው። ለአንድ ሰው መሥራቱ መድኃኒቱን አያቆየውም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተከታይ ጥናት ነው፤ እየጠቀማቸው ያሉ ሰዎች ወደዚያ ተዛውረው መውሰዳቸውን ይቀጥላሉ። ሁለተኛው ሐኪሙ በስምዎ ለድርጅቱና ለተቆጣጣሪው ጽፎ ከሙከራ ውጭ መድኃኒቱን የሚያስፈቅድበት መንገድ ነው። ሁለቱም የድርጅቱን በጎ ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ ሁለተኛው ጊዜም ይወስዳል። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ሙከራው ሲዘጋ አያንሡት። ሳይፈርሙ፣ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ እያለ «ከጠቀመኝ እስከ መቼ ትሰጡኛላችሁ? የቱ ገጽ ላይ ነው የተጻፈው?» ይበሉ። በቃል ብቻ «አይዞዎት፣ እንሰጥዎታለን» ከተባሉ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።